ሁለት አድራሻ ያላት ጀልባ

ሃርፎርድ፣ ጃንዋሪ 11፣ 2009

ለምወድሽ ልጄ ለሞርዌና፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደህና ነው። ክኒኑን እየወሰድኩ ነው፤ አዎ፣ ከምግብ በኋላ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዲሴምበር 27፣ በገናችን ሰሞን ነው፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳልመልስ በመቅረቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። ቸል ብዬ እንዳይመስልሽ፤ አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ሰው ልጁ «ላገባ ነው» ስትለው ምን ብሎ ነው የሚጀምረው? እናትሽ ብትኖር በአንድ መስመር ትገላግለው ነበር።

እንግዲህ ደስ ብሎኛል። ይኸው ተጻፈ።

ስለ ሴድሪክ የምጠይቅሽን በዝርዝር አስፍሬ ነበር፤ አሥራ ሰባት ጥያቄ ሆነ። አጎትሽ ፔትሮክ ከወንዙ ማዶ መጥቶ አየውና «ልጅህን ልትድር ነው ወይስ ያገለገለ ጀልባ ልትገዛ?» አለኝ። ስለዚህ ወደ ሦስት አወረድኩት። አንደኛ፣ መዋኘት ይችላል? እዚያ ሴንት ሄለና ደሴት ላይ ከመርከብ ሰው በጀልባ የሚያወርድ ነው ስላልሽኝ ነው፤ በሥራዬ ዘመን መዋኘት የማይችል ስንት ጀልበኛ እንዳየሁ አታውቂም። ሁለተኛ፣ እናቱ ምን አሉ? ልጃቸው ባሕር አቋርጦ እዚህ ድረስ መጥቶ ሲዳር ቅር አይላቸውም? ሦስተኛውን ሲመጣ ራሱን እጠይቀዋለሁ።

አሁን ስለ ጀልባችን ወደ ጠየቅሽኝ። «ሄስተር ላይ መጋባት እንችላለን ወይ?» ላልሽው፣ እኔም አላውቅም ነበርና የአውራጃው የክብር መዝገብ ቢሮ ሄጄ ጠየቅሁ። የመንግሥት ጋብቻ የሚፈጸመው ወይ እዚያው ቢሮ ውስጥ ነው፣ ወይ ምክር ቤቱ ፈቃድ በሰጠው ቦታ ነው። ሆቴል ይሆናል፣ የድሮ ጌቶች ቤት ይሆናል፣ ጀልባም ሊሆን ይችላል አሉኝ። «ሊሆን ይችላል» ያሉበት ድምፅ ደስ አላለኝም፤ ቅጹን ግን ሰጡኝ። አሥራ አንድ ገጽ ነው። ከላይ «ለጋብቻና ለአጋርነት ሥነ ሥርዓት ቦታ ለማስፈቀድ» ይላል።

የሚፈለገውን ልዘርዝርልሽ፤ ታውቂኛለሽ። አንደኛ፣ ክፍሉ ክብር ያለው፣ ለጋብቻ የሚመጥን መሆን አለበት። ከታች ያለው የመንገደኛ ክፍል ይህን ያሟላል፤ አግዳሚዎቹን በፌብሩዋሪ ቀለም እቀባቸዋለሁ። ሁለተኛ፣ እሳት ማጥፊያ። ሁለት አለን፤ የአንዱ ጊዜ አልፏል፣ እቀይረዋለሁ። ሦስተኛ፣ ጸሎትም መዝሙርም የለም፤ የመንግሥት ስለሆነ የሃይማኖት ነገር አይገባበትም። ፔትሮክ መሳደብ ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቅልኝ አለኝ። አልጠየቅሁም። አራተኛ፣ ከሥነ ሥርዓቱ በፊት አንድ ሰዓት ሙሉ በክፍሉ ውስጥ ምግብም መጠጥም የለም። ይህችን ለእሱ ብለው የጻፏት ይመስለዋል። አምስተኛ፣ በሩ አይቆለፍም፤ ማንም አላፊ አግዳሚ ገብቶ ማየት መብቱ ነው። ይህች አምስተኛዋ ሐሳብ ላይ ጥላኛለች። ሄስተር የምትይዘው አርባ ሰው ነው። አርባ አንደኛው ቢመጣስ?

ሄስተርን በጋራ የያዙት የሁለቱ መንደሮች ኮሚቴ ተስማምቷል። ቀለሙን ስቀባ ያቺ በስተቀኝ ከመስኮቱ ሥር ያለችው አግዳሚ ላይ ስደርስ ምን እንደማደርግ አላውቅም። እናትሽ ከማዶ ከፔንሊን ተሻግራ እዚህ ፖስታ ቤት ትሠራ በነበረ ጊዜ የምትቀመጥባት እሷ ናት። ጀልባው እንዲመጣ አንድ ደወል ይበቃል፤ ወንዙን የሚያውቅ ሁሉ አንዴ ነው የሚደውለው። እሷ ግን ሁለቴ። ለምን ብዬ ብጠይቃት «አንዱ ለጀልባው ነው፣ አንዱ ለአንተ» አለችኝ። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ያን ቀን ጀልባዋን ከማረፊያው ጋር አጋጨኋት።

የመሀል ወንዟ ደቂቃም አልቀረችም፤ እንዴት ትቀራለች? ከወዲያ ማዶና ከወዲህ ማዶ የተጋቡ ሲሻገሩ አሻጋሪው መሀል ላይ ሞተሩን ያጠፋል፤ አንድ ደቂቃ። ያ ቦታ የማዶው አውራጃ ኮርንዎልም አይደለም፣ የእኛ ዴቨንም አይደለም። ሁለቱ የሚባባሉትን ሌላ ሰው አይሰማም። የእኛ ጊዜ መሪውን የያዘው አያትሽ ነበር። እናትሽ ያለችኝን ስንት ጊዜ ጠየቅሽኝ፤ አልነገርኩሽም። አሁንም አልነግርሽም።

ራስሽን ጠብቂ። እዚያ ፀሐዩ ኃይለኛ ነው ይላሉ።

አባትሽ
ክላይቭ


ሃርፎርድ፣ ማርች 2፣ 2009

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን አለሽ? ሴድሪክስ? ባሕር ወሽመጥ አቋርጦ እንደሚዋኝ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። ምን ያህል ርቀት እንደሆነ ግን አልጻፍሽም።

መቼ እንምጣ ላልሽው፦ ሠርጉን ቅዳሜ ሴፕቴምበር 26 ብለን እንያዝ። የባሕሩ ሙላት ወንዙ ውስጥ በስንት ሰዓት እንደሚደርስ አይቻለሁ፤ ይመቻል። እናንተ ኦገስት ላይ እዚህ መሆን አለባችሁ። መጀመሪያ ሰባት ቀን እዚህ መኖር፣ ከዚያ ሁለታችሁም ቢሮ ቀርባችሁ ልንጋባ ነው ብሎ ማስመዝገብ፣ ከዚያ ደግሞ አሥራ አምስት ቀን መጠበቅ። ፓስፖርት፣ የልደት ወረቀት፤ ዋናውን እንጂ ቅጂውን አይደለም። የሁለታችሁንም ወረቀት ሁለት ቦታ አትክፈሉት፤ አንድ ሻንጣ፣ የእጅ ሻንጣ።

ቅጹ ተመልሶ መጥቷል። አትደንግጪ፣ ትንሽ የአድራሻ ነገር ነው። «የቦታው አድራሻ» የሚለው ላይ እንደሁልጊዜው ነው የሞላሁት፦ ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ፋሲካ ሃርፎርድ ማረፊያ፣ ዴቨን፤ ከፋሲካ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ፔንሊን ማረፊያ፣ ኮርንዎል። ሁለቱ መንደሮች ሄስተርን በጋራ ሲገዙ የተስማሙት ስድስት ወር ወዲህ ስድስት ወር ወዲያ ትሁን ብለው አይደል? የማመላለሱ ሥራ ካቆመ ወዲህም ቢሆን በዓመት እነዚያ ሁለት ጉዞዎች ደንቧ ናቸው። ሌላ ምን ብዬ ልሙላ? እነሱ ግን በቀይ አስምረውበት «አንድ ቦታ አንድ አድራሻ ነው ያለው» ብለው መለሱት። ደግሞም የዴቨን ቢሮ ለኮርንዎል መፍቀድ አይችልም፣ የኮርንዎልም ለዴቨን። ቢሮው ስልክ ደውዬ ላነሳችው ልጅ አስረዳኋት። ልጅቷ ጥሩ ልጅ ነች፤ ዝም ብላ ከሰማችኝ በኋላ «ታዲያ ዛሬ የት ናት?» አለችኝ። ሃርፎርድ አልኳት። «ነገስ?» አለችኝ።

ፔትሮክ ይህን ሰምቶ ሳቀ እንጂ ብዙ አልተናገረም። ይህ የሱ ጠባይ አይደለም፤ ታውቂዋለሽ። ብቻ ኮሚቴው ተሰብስቦ አንዱን ማዶ ይመርጣል፤ ያልቃል።

አግዳሚዎቹን ቀብቼ ጨርሻለሁ፣ ከአንዷ በቀር። የመስኮቱን ናስ ወልውያለሁ። እሳት ማጥፊያው ተቀይሯል። መጋረጃ ያስፈልጋል የሚሉ አሉ፣ አያስፈልግም የሚሉ አሉ፤ አንቺ ምን ትያለሽ? ሰማያዊ ወይስ ክሬም? ክሬም ካልሽ ፔትሮክ ማርማላታው ከሥሩ ይሁን ይላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልሰለቸውም፤ እነሱ ኮርንዎሎቹ ዳቦው ላይ ማርማላታ አስቀድመው ክሬም ስለሚደርቡ፣ እኛ ደግሞ ክሬሙን ስለምናስቀድም፣ የሰው ልጅ በዚህ የሚከፈል ነው የሚመስለው።

ስለ መሀል ወንዟ ደቂቃ የጠየቅሽኝን በሌላ ደብዳቤ እመልስልሻለሁ። ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ነው።

አባትሽ


ጄምስታውን፣ ሴንት ሄለና፣ ኤፕሪል 5፣ 2009

አባዬ፣

ደህና ነህ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። መርከቧ የዛሬ ሦስት ቀን ደርሳ ሁለት ደብዳቤ አመጣችልኝ፤ አንዱ የአንተ፣ አንዱ የአጎቴ ፔትሮክ። የአጎቴ አጭር ነው። እንዳለ ልገልብጥልህ፦ «አባትሽ ሄስተርን ሊቸነክራት ነው። ጀልባ ላይ ጋብቻ የሚፈቀደው ጀልባዋ ለዘለዓለም ከቦታዋ የማትነቃነቅ ከሆነች ብቻ ነው። ብረት ምሰሶ ላይ ትበየዳለች፣ ውሃውን የሚገፋው ፕሮፔለሯ ይወልቃል። ይህን አልነገረሽም ብዬ ጠረጠርኩ።»

ትንሽ የአድራሻ ነገር፣ አይደል አባዬ?

እኔ የጠየቅሁህ ሄስተር ላይ ማግባት ነው። አንተና እማዬ እንደተሻገራችሁት ለመሻገር፣ መሀል ላይ ሞተሩ ሲጠፋ ያቺን ዝምታ ለመስማት። የተቸነከረች ጀልባ ላይ ቆሜ ላገባ አይደለም። ሴድሪክም ሲሰማ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ጀልበኛ ነው፤ ሌላው ሰው ሁሉ ባይገባው እሱ ይገባዋል። «አባትሽ ይህን አድርጉ ያልኳቸው እኔ እንዳይመስላቸው» ይላል። እዚያው ቢሮ ውስጥ እንፈራረምና ከዚያ በሄስተር እንሻገራለን፤ በቃ። ቅጹን ተወው።

አንድ ሌላ ነገር። አጎቴ መጨረሻ ላይ «ለነገሩ ሄስተር እማማ ከሞተች ወዲህ ከሃርፎርድ ንቅንቅ ብላ አታውቅም» ብሏል። እህቱን እማዬን ከልጅነታቸው ጀምሮ እማማ ነው የሚላት፤ መጀመሪያ አያቴን መስሎኝ ነበር። አባዬ፣ በየፋሲካው «ሄስተር ደህና ናት» ብለህ ጽፈህልኛል። ተሻግራለች ብለህ አልጻፍክም፤ አሁን መለስ ብዬ ሁሉንም አየሁት። አራት ዓመት ተኩል ሆነ። ኮሚቴው ዝም አለ? አጎቴ ዝም አለ?

ለምንድን ነው ያላሻገርካት?

ሞርዌና

መጋረጃ አያስፈልግም።


ሃርፎርድ፣ ሜይ 10፣ 2009

ልጄ ሞርዌና፣

ይቅርታ አድርጊልኝ። ይህን ደብዳቤ በይቅርታ የምጀምረው ለልማድ ያህል አይደለም።

ጥያቄሽን ቀድሜ እመልሳለሁ፤ ካልሆነ እሳት ማጥፊያ ምናምን እያልኩ ገጹን እጨርሰዋለሁ።

በእናትሽ የመጨረሻ ሰሞን አንቺ ሎንዶን ሆስፒታል ፈረቃ ላይ ነበርሽ፤ በየቅዳሜው ትመጪ ነበር፤ ይህ የሆነው ግን ማክሰኞ ነው። ኦክቶበር ገብቷል። ሄስተር ወደ ሃርፎርድ ከመጣች ሳምንቷ ነው። እናትሽ መስኮቱ አጠገብ ሆና ማዶውን እያየች «ክላይቭ፣ አንዴ ታሻግረኛለህ? ፔትሮክ ቤት ቁጭ ብዬ ሻይ ልጠጣና እመለሳለሁ» አለችኝ። በድልድዩ በመኪና እንዙር እንዳልላት አሥራ አራት ማይል ነው፣ መንገዱ ያንገላታል። ደግሞም የፈለገችው ያን አልነበረም።

እሺ ነገ አልኳት። ከዚያ ዝርዝር አወጣሁ። ሐኪሟን መጠየቅ፣ ዊልቸሩ የሚወርድበት ሳንቃ፣ ብርድ ልብስ፣ የነፍስ አድን ጃኬት፣ ነዳጅ፣ የሙላቱ ሰዓት፤ እንዲህ እንዲህ እያልኩ አሥራ አንድ ሆነ። ረቡዕ አምስቱን ጨረስኩ። «ዛሬ ነው?» አለችኝ፤ ነገ አልኳት። ሐሙስ ጠዋት ዘጠኙን ጨርሻለሁ። ሐሙስ ከሰዓት ሞተች።

ወረቀቱ አለኝ። ዘጠኙ ላይ ምልክት አለበት። አሥረኛው «ነፋሱ እስኪበርድ መጠበቅ» ይላል። አሥራ አንደኛው አንድ ቃል ነው፦ «መነሳት»።

ያኔ ያላወቅሁት፣ ለፔትሮክ እሷ ራሷ ስልክ ደውላ ነግራው ኖሯል። ወንበር አውጥቶ ፔንሊን ማረፊያ ላይ ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ጠብቋል። በቀብሩ ማግስት ሰው ነገረኝ። እሱ ግን አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። ስለ ክሬምና ማርማላታ ይናገራል፣ ስለ እግር ኳስ ይናገራል። ፋሲካ ሲመጣ ሄስተርን ላሻግር ሞተሩን አስነሳና ያ ማረፊያ ከሩቅ ይታየኛል። አጠፋዋለሁ። ለኮሚቴው ሞተሩ ጥገና ይፈልጋል አልኩ። ሞተሩ ምንም አልነበረበትም። ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አልጠየቀኝም።

ስለዚህ ልጄ፣ «ሄስተርን አትቸንክራት» ላልሽኝ፣ የምቸነክራት አሁን አይደለም። የቸነከርኳት ያኔ ነው፤ ያለ ፈቃድ፣ ያለ ቅጽ።

አሁን ያደረግሁትን ልንገርሽ። ደብዳቤሽ ከመድረሱ በፊት ነው ያደረግሁት፤ ሆኖም ቀድሞ ደርሶ ቢሆን ኖሮም አደርገው ነበር። ማርች ላይ ኮሚቴው ሲሰበሰብ የሃርፎርድ ሰዎች ያለ ጥርጥር ሃርፎርድ ነው ብለው መጡ። ጸሐፊው እኔ፣ ለብዙ ዓመት አሻጋሪው እኔ፣ ቤቴ እዚህ። ተነሳሁና ለዘለዓለም የምትቆም ከሆነ ፔንሊን ትቁም አልኩ። ፔትሮክ ሻዩን እንደያዘ ቀረ። ብዙ ክርክር ሆነ፤ በሁለት ድምፅ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ሃርፎርድ ውስጥ አንዳንዱ ሰላምታውን ቀንሶብኛል፤ ጭንቅላቱን ነቅነቅ ያደርጋል፣ ድምፅ የለም።

አዲሱን ቅጽ ለኮርንዎል አስገባሁ። አድራሻ፦ ፔንሊን ማረፊያ። አንድ ብቻ። እጄ ሁለተኛውን ሊጽፍ ፈልጎ ብዕሩን ማስቀመጥ ነበረብኝ።

ሚስስ ፔደን የሚባሉ የክብር መዝገብ ሹም ናቸው ጉዳዩን የያዙት። ጀልባዋ ገና ወዲህ ስለሆነች መጀመሪያ ማረፊያውን ብቻ መጥተው አዩ። ቁም ነገረኛ ሴት ናቸው፤ ቦቲ ጫማቸውን አድርገው ጭቃው ውስጥ ገቡ። የምትያዝባቸው ቀለበቶች ምሰሶው ላይ ስለሚንሸራተቱ፣ ሙላት ሲመጣ ከፍ፣ ሲጎድል ዝቅ ማለቷን ይፈቅዳሉ። ወዲያና ወዲህ ግን የለም። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው «የሚሄድ ነገር ላይ የተጋባ ሰው የት እንደተጋባ ምን ብዬ ልመዝግብ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

የፈቃዱ ማስታወቂያ ፔንሊን ማረፊያ ላይ ሃያ አንድ ቀን ተለጥፎ ተቃዋሚ ካለ እንዲጽፍ ተባለ። በየጠዋቱ በፔትሮክ ታንኳ ማዶ ተሻግሬ አየው ነበር፤ ለካ በታንኳ ሲሻገሩ ማረፊያው እንደሌላው ቦታ ነው፣ እንጨትና ድንጋይ። አሥራ ሁለተኛው ቀን ላይ ከማስታወቂያው ሥር በእርሳስ ተጽፎ አየሁ። «በሠርጉ ላይ ክሬሙ ከማርማላታው ካልቀደመ እቃወማለሁ። አንድ የሃርፎርድ ሰው» ይላል። ጽሑፉን አወቅሁት፤ ሰላምታ ከቀነሱብኝ አንዱ ነው። ደስ ብሎኝ ቤቴ ስገባ ፉጨት ጀመርኩ።

ቢሮ አትጋቡ። ይህን ለአንቺ ብቻ ብዬ የማደርገው መስሎሽ ልብሽ አይክበድ፤ ለሴድሪክም ንገሪው። እናትሽ ታሻግረኛለህ ወይ ብላኛለች። አልመለስኩላትም። አንቺ ቀን ስለቆረጥሽልኝ ነው መመለስ የቻልኩት። እኔ ቀን ካልተቆረጠልኝ ዝርዝር ብቻ ነኝ።

በመጣችሁ ጊዜ ግን ተቆጪኝ። መብትሽ ነው።

አባትሽ


ፔንሊን፣ ጁን 28፣ 2009

ለምወድሽ ልጄ ለሞርዌና፣ ለሴድሪክም፣

እንደምን አላችሁ? ይህን የምጽፈው ሄስተር ውስጥ ከታች ከመስኮቱ ሥር ሆኜ ነው። ያቺን አግዳሚ አልቀባኋትም። ሚስስ ፔደን ቀለሟ ለምን ተለየ አሉኝ፤ ነገርኳቸው፤ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው በወረቀታቸው ላይ ምንም አልጻፉም።

ፈቃዱ ተሰጥቷል። መጀመሪያ እሱን ልንገርሽ፣ እስከ መጨረሻው እንዳትጨነቂ። ለሦስት ዓመት ነው፤ ከዚያ ይታደሳል። በመስታወት ውስጥ አድርጌ ሰቅየዋለሁ፤ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነበለ ይመስለኛል፤ ፔትሮክ ወንዙ ነው ያዘነበለው ይላል።

ጁን 7፣ እሑድ፣ አሻገርኳት። በፋክስ የላክሽው ደብዳቤ ሳምንት ቀድሞ ነው የደረሰኝ። አንድ መስመር ብቻ በመሆኑ አልተቀየምኩም። «ሳትጠብቀኝ አሻግራት፤ የእኔ አይደለም፣ የእማዬ ነው» ያልሽውን ደረት ኪሴ ውስጥ ይዤ ነው የሄድኩት።

ለማንም አልተናገርኩም ነበር። እኔና ፔትሮክ ብቻ ነን ብዬ ነው። ማረፊያው ላይ ስደርስ ግን የሃርፎርድ ሰው ቆሟል፤ እሑድ ልብሱን የለበሰ፣ ልጅ የያዘ፣ ያ በእርሳስ የጻፈው ጭምር። ተራ በተራ መሳፈር ጀመሩ። እኔ በር ላይ ቆሜ ስቆጥር አርባ አንድ ሆኑ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ አርባ አንድ። ፈቃዷ አርባ ነው፣ አንድ ሰው መውረድ አለበት ብዬ ማንን ውረድ እንደምል ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ፔትሮክ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ራስህን ቆጥረህ ነው፣ ክላይቭ» አለኝ።

መሀል ወንዝ ላይ ሞተሩን አጠፋሁ። ሠርግ አልነበረም፤ ማንም ግን ለምን አላለም። ውሃው ጎኗን ሲመታ ይሰማል። አሮጌዋን ወረቀት አወጣሁና አሥረኛው ላይ ምልክት አደረግሁ። ነፋስ አልነበረም። አሥራ አንደኛው ላይ ስደርስ እርሳሱ አልጽፍ አለኝ፤ ፔትሮክ የሱን ሰጠኝ።

«ወንበሩን አውጥቼ ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ጠብቄያለሁ» አለኝ፤ ፊቱን ወደ ውሃው አድርጎ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

«ማወቅህን አውቃለሁ። እኔን የከፋኝ አለመምጣታችሁ አይደለም። ከዚያ በኋላም ብቻህን አለመምጣትህ ነው። ሻይ ማፍላት አያቅተኝም ነበር እኮ።»

እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገና «በል አስነሳው። አንድ ደቂቃ ብለህ ሰባት አደረግኸው፤ ሙላቱ አማች አያውቅም» አለኝ።

ማዶ ስንደርስ የፔንሊን ሰው ገመዱን ተቀበለ። ማረፊያው ላይ አንድ ባዶ ወንበር ነበር። ፔትሮክ ነው ያወጣው። ማንም አልተቀመጠበትም።

በማግስቱ በያጆቹ መጡ። ፕሮፔለሩ ሲወልቅ አላይም ብዬ ነበር፤ አየሁት። ከጠበቅሁት ያነሰ ነው፤ ሰው ክንድ ውስጥ የሚገባ። ሠርጉ እስኪደርስ ፕሮፔለሩ በፔትሮክ ጓሮ ተቀምጧል። ሴድሪክ ሲመጣ ያየው ይሆናል።

የመሀል ወንዟ ደቂቃ ቀረችብን ብለሽ እንዳታዝኚ። ሚስስ ፔደንን ጠየቅኋቸው፤ መጠየቅ አይሰለቸኝምና። «ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ በታንኳ ወንዙ ላይ ወጥታችሁ የምትባባሉትን ምክር ቤቱ አያውቅም፣ ማወቅም አይፈልግም» አሉኝ። ፔትሮክ ይቀዝፋል፣ መሀል ላይ ያቆማል። ጆሮውን ደፍኖ ይቀመጣል፤ አስምየዋለሁ። ሴድሪክ ልቅዘፍ ካለም አይሆንም በይው፤ ያን ቀን ሙሽራ ነው።

እናትሽ በዚያች ደቂቃ ያለችኝን አሁን ልንገርሽ። ለሠላሳ ሁለት ዓመት ለማንም አልተናገርኩም፤ ትልቅ ነገር ስለሆነ እንዳይመስልሽ። እኔ ፈርቼ ነበር፤ የማዶ ልጅ አምጥቼ ቤቷ ይናፍቃታል፣ ታለቅስብኛለች ብዬ። ሞተሩ ጠፋ፤ እሷ እጄን ይዛ «ከእንግዲህ ቤታችሁ የት ነው ብለው ቢጠይቁህ፣ ሁለቱንም አድራሻ ስጣቸው» አለችኝ። ይኸው ነው። ያን ቅጽ ስሞላ ሌላ ምን ልጽፍ ኖሯል?

አሁን ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ ነው። ፔንሊን። ግን ሳስበው፣ ሄስተር እዚህ ፔንሊን ናት፣ የእኔ ቤት ሃርፎርድ ነው። እንግዲህ እናትሽ እንዳለችው አሁንም ሁለት አድራሻ አለን ማለት ነው።

በየጠዋቱ መጥቼ ልወለውላት፣ ልፈትሻት ግድ ነው፤ የራሴ ታንኳ የለኝም። ስለዚህ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ደውሎ ይጠራኝ ነበር፤ አሁን እኔ ነኝ ሃርፎርድ ማረፊያ ቆሜ የምደውለው። ፔትሮክ ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል። ሻዩን ይጨርሳል፣ ውሻውን ያናግራል፣ ከዚያ እየተንቀራፈፈ ይቀዝፋል። «ምን ያጣድፍሃል? ነገ እኮ አላልኩህም» ይለኛል። እንዲህ ብሎ ሲቀልድብኝ ደስ ይለኛል።

የምታመጡትን ለመጨረሻ ጊዜ፦ ፓስፖርት። የልደት ወረቀት፣ ዋናው። የሴድሪክ እናት የላኩትን የዓሣ ቅመም፣ ካልፈሰሰ። ሌላ የለም። ሌላውን ሁሉ ረስታችሁት ብትመጡም እንደምንም ይሆናል።

ሴፕቴምበር 26 ጠዋት እናንተ ሄስተር ውስጥ ሁኑ፤ እኔ ከሃርፎርድ እሻገራለሁ። በሩ እንደሆነ አይቆለፍም። ደወሉን ስሙ፤ ሁለቴ ነው የምደውለው። አንዱ ለታንኳው ነው።

አባትሽ
ክላይቭ